ጥቅስና ባለቤቱ



ከሠላሳ ዓመት በላይ መጽሐፍ ሳነብ ደብተር ከአጠገቤ አይለይም። አሳቤን ያናወጠውን ዐረፍተ ነገር ሁሉ እገለብጥበታለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ደብተር በረከት ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ስላሳፈረኝም ጭምር ነው።

ጥቅስ መሰብሰብ ለሀገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ» ከሶቅራጥስ፣ ከአፍላጦን፣ ከአርስጣጣሊስና ከሌሎችም ጠቢባን አንደበት ወጡ የተባሉ ምክሮች ስብስብ ነው። መጽሐፉን ያጠኑት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር እንዳስረዱት፣ የተርጓሚው ሥራ ቃል በቃል መመለስ አልነበረም፤ እየጨመሩ፣ እየቀነሱ፣ ከባህላቸው ጋር አስማምተውታል። እንግዲህ ከግሪክ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተሻገረ አባባል ጥበቡ ቢጸናም፣ የባለቤቱ ስም ግን ሳይመረመር አይታመንም።

የእኔ ስሕተት ከዚህ የባሰ ነበር። መምህርነት በጀመርሁ ሰሞን፣ በ1958 ዓ.ም. ከታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የትውልድ ክብርን የሚያወድስ ንግግር ከደብተሬ አውጥቼ «የሐዲስ አለማየሁ አቋም» ብዬ አነበብሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ ይህን የሚሉት ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ደራሲው ሊተቹት ያቆሙትን አስተሳሰብ የደራሲው እምነት አድርጌ ማስተማሬ ነው። የዚያን ሥርዐት ግፍ የሚያጋልጠው ጉዱ ካሳ በመንደሩ እንደ እብድ መቈጠሩን ስናስብ፣ ተናጋሪውን መለየት ምን ያህል እንደሚያሻ ይገባናል። በልቦለድ ውስጥ እውነት ሁልጊዜ ከተከበረ ሰው አፍ አይወጣም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከእያንዳንዱ ጥቅስ ሥር አራት ነገሮችን እጽፋለሁ፤ ተናጋሪው ማን ነው? ለማን፣ በምን አጋጣሚ ተናገረው? ከፊቱና ከኋላው ምን አለ? በስንተኛው እትም፣ በየትኛው ገጽ ይገኛል? በመጨረሻም የራሴን ጥያቄ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ጥያቄ ያላጫረብኝን አባባል፣ ምንም ቢያምር፣ እሰርዘዋለሁ።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ በጥናታችሁ መግቢያ ላይ ጥቅስ ስታሰፍሩ ክርክሩን የሚዘጋ ማኅተም አታድርጉት። ጥቅስ በር ነው፤ ከበሩ ቆሞ የቀረ ሰው ቤቱን አየሁ ሊል አይችልም። ያቺ ተማሪ መጽሐፉን አንብባ ነበርና አረመችኝ፤ እኔ ግን በዚያች ዕለት ያነበብሁት ደብተሬን ብቻ ነበር።