ሰማዩ ጠርቷል፣ ወንዙስ?

«አባዬ፣ ባሕር ዳር ባሕር አለ አይደል? ማዕበል ላይ የሚቆሙት ሰዎችስ እዚያ አሉ?»

ጥያቄው የመጣው ከመኪናው የኋላ ወንበር ነው። የዓባይን በረሃ ወጥተን ደጀንን አልፈናል፤ ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የቶኪዮ ኦሎምፒክን በቴሌቪዥን አብረን አይተን ነበር። ሰለሞን ባረጋ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ሲወስድ እሱም ከእኛ እኩል ጮኋል። በልቡ የቀረው ግን በዚያው ሳምንት ያየው ሌላ ውድድር ነው፤ ጣውላ በመሰለ ሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡት ወጣቶች። ባሕር ዳር የሚለውን ስም ከሰማ ወዲህ ሁለቱን አገናኝቶ ይዟቸዋል።

ባሕር የለንም አልኩት። ጣና ሐይቅ ነው፣ ባሕር ዳርም ገና ሩቅ ነው፣ እኛ የምንሄደው ፍኖተ ሰላም ነው። አያቱ በልጅነቷ ምጽዋ ሄዳ ቀይ ባሕርን እንዳየች ደግሞ ባለቤቴ ጨመረችበት። ልጁ ግን የፈለገው ሌላ መልስ ነበርና ዝም አለ።

ያን ቀን ያልነገርኩትን፣ ሁለት ቀን ቆይቶ አክስቴ አሳየችው።

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው የአክስቴ ቤት በታች አንዲት ወንዝ ታልፋለች። በበጋ ልጆች በእግራቸው የሚሻገሯት፣ በክረምትም ቢሆን ዝናብ ካቆመ ጉልበት የማትደርስ ናት። ነሐሴ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ሲነጋ ሰማዩ ተወልውሎ ጸዳ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጥታለች፣ በቆሎው ደርሷል፣ ልጆቹ ከአክስቴ የልጅ ልጆች ጋር ወንዝ ዳር ድንጋይ ይደረድራሉ። እኔ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ እሸት እበላለሁ። ከዚህ የበለጠ ሰላማዊ ከሰዓት አላስታውስም።

አክስቴ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ሳለ ቆም አለች። ወደ እኛ አልነበረም የምታየው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቋሪትና ወደ ደጋ ዳሞት ከፍታ ነው። እዚያ ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። «እናንተ ልጆች፣ ውጡ! አሁኑኑ ውጡ!» አለች። እኔ ደግሞ፣ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል፣ «እታለም፣ ፀሐይ እኮ ነው፤ ተያቸው ይጫወቱ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ወርዳ ሁለቱን ትንንሾች በእጃቸው ጎትታ አወጣች፤ ሌሎቹም ፈርተው ተከተሏት።

መጀመሪያ የተለወጠው ቀለሙ ነው። ጥርት ብላ ትወርድ የነበረችው ውሃ ሻይ መሰለች፣ ቀጥሎ ቡና። ቅጠል፣ ጭራሮ፣ የበቆሎ አገዳ እየተንሳፈፈ መጣ። ከዚያ ድምፁ፤ ከባድ መኪና ከሩቅ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ዓይነት ጉርምርምታ። ከዚያ ልጆቹ የደረደሩት ድንጋይ ጠፋ። አንዲት ጠብታ ዝናብ በእኛ ላይ ሳትወርድ ወንዟ የሰው ወገብ አለፈች። የልጄ ነጠላ ጫማ ዳር ላይ ቀርታ ነበር፤ ስትወሰድ አየናት።

ልጄ አፉን ከፍቶ ቆሞ «እማማ፣ ማዕበሉ ከየት መጣ?» አላት። አክስቴም በእጇ ወደ ተራራው አመለከተችው።

እዚህ ላይ ወደዚያ ኦሎምፒክ ልመለስ፤ ነገሩ አንድ ነውና። ሰርፊንግ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ያኔ በጃፓን፣ ጹሪጋሳኪ በተባለ የባሕር ዳርቻ ነው። ውድድሩ በተካሄደባቸው ቀናት ኔፓርታክ የተባለ አውሎ ነፋስ ገና ከዳርቻው ርቆ ባሕሩ ላይ ነበር። ትልልቁን ማዕበል ወደ ዳርቻው የገፋው እሱ ነው። አዘጋጆቹም ትንበያውን አይተው የፍጻሜውን ውድድር በአንድ ቀን አስቀድመው ሐምሌ 20 ቀን አካሄዱት። ብራዚላዊው ኢታሎ ፌሬራ ገና ሲጀምር ሰሌዳው ተሰብሮበት፣ በሌላ ሰሌዳ ወርቁን ወሰደ።

ማዕበል የሚጋልቡ ሰዎች ትንበያ ሲያዩ «ነገ እዚህ ይዘንባል ወይ?» ብቻ ብለው አይጠይቁም። ነፋሱ የት ነፈሰ፣ ምን ያህል ጠነከረ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ በምን ያህል ስፋት ውሃ ላይ ሮጠ ብለው ይጠይቃሉ። ማዕበል ነፋሱ ካለበት ቦታ ተነሥቶ ቀናት ተጉዞ፣ ፀሐይ በሞላው ዳርቻ ላይ ሊሰበር ይችላል። አክስቴም ወንዟን የምታነበው እንደዚሁ ነው። በእሷ ግቢ ላይ ያለው ሰማይ ስለ ወንዟ ብዙ አይነግራትም፤ የሚነግራት ከላይ ያለው ነው።

የምዕራብ ጎጃምን መልክዓ ምድር ላየ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጮቄ ከምሥራቅ፣ የሰከላና የቋሪት ከፍታዎች ከሰሜን ቆመዋል። ፍኖተ ሰላም ከእነሱ ግርጌ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተምጫ ከጮቄ ወርዶ በደምበጫ በኩል ያልፋል፤ ብርና ፈጣምም ከደጋው ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ግሽ ዓባይም እዚያው ሰከላ ውስጥ ነው፤ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዩት ምንጭ። ከዚያ ትንሽ ምንጭ ተነሥቶ ጣናን የሚሞላ ወንዝ የሚሆነው በመንገዱ ላይ ያለው ደጋ ሁሉ ውሃውን ስለሚያቀብለው ነው። ደጋው ገደላማ ነው፤ በነሐሴ ደግሞ አፈሩ ጠጥቶ ጠግቧል። በሰኔ መጀመሪያ የወረደ ዝናብ ብዙው ወደ መሬት ይሰርጋል። ነሐሴ ላይ ግን ያው መጠን ቢዘንብ መግቢያ ስለሌለው በቀጥታ ወደ ወንዝ ይሮጣል። የወንዝ ሙላት አደጋ በክረምቱ ማገባደጃ የሚብሰው ለዚህ ነው፤ የከተማ ልጆች ዘመድ ጥየቃ የሚመጡትም በዚያው ወቅት ነው።

እንግዲህ ልጅ ይዞ ወደዚህ አካባቢ ለሚሄድ ቤተሰብ የውሃውና የሰማዩ ሁኔታ እንዲህ ይመስላል።

ዝናቡ በግንቦት ይጀምራል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፣ እስከ ጥቅምት እየቀነሰ ይሄዳል። ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ እርጥበት ያዘለው አየር ተራራውን ተከትሎ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፤ ነጎድጓዱም በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ይመጣል። ስለዚህ ወንዝ ዳር መሄድ ካለ ጠዋት ይሁን፤ ያውም ሌሊቱን ላይኛው አገር አለመዝነቡ ተጠይቆ። መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ጊዜ መቁጠር ለልጆች ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቆጠራው ከሠላሳ ሰከንድ ካነሰ ጨዋታው አብቅቶ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ነው። እኔ የተቀመጥኩባት ብቸኛ ዛፍ ሥር ግን አይደለም።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ ከፍሎ የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል፤ የአሥር ቀንና የዕለትም አለው። «ከመደበኛ በላይ» ወይም «መደበኛ» የሚለው የወቅት ትንበያ ለገበሬው ዘር መምረጫ እንጂ ለእርስዎ የማክሰኞ ሽርሽር መወሰኛ አይሆንም። ለሽርሽር የሚበጀው የዕለቱ ነው። እሱንም ሲያዩ የሚያርፉበትን ከተማ ብቻ አይዩ። ፍኖተ ሰላም የሚያድሩ ከሆነ የደጋ ዳሞትንና የሰከላን፣ ደምበጫ ከሆኑ የጮቄን በኩል ይመልከቱ። በስልክ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ የሚያሳየው ትንሽ የፀሐይ ምልክት ለዚያች ነጥብ ብቻ ነው።

መንገዱም የራሱ ጠባይ አለው። ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ በክረምት ጠዋት በጉም ይሸፈናል፣ ከገደሉም ድንጋይ ይወርዳል፤ ረፋድ ላይ መሻገር ይሻላል። ውሃ አስፋልት ላይ ሲፈስ ካገኙ ደግሞ ቆመው ይጠብቁ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚሮጥ ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ ድፍርስ ውሃ ሥር መንገዱ ይኑር አይኑር አይታይም። የጸጥታውንና የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣት በፊት እዚያው ላለ ዘመድ ደውሎ መጠየቅ ከማንኛውም ትንበያ ይቀድማል።

ከቡሬ አልፈው ወደ እንጅባራ ከቀጠሉ ዘንገና አለ፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ። ለዓይን ዕረፍት ነው፣ ለዋና ግን አይደለም፤ ከዳሩ ብዙም ሳይርቅ ይጠልቃል፣ ውሃውም ብርድ ነው። ልጅ በእጅ ይያዝ።

የልጄ ጥያቄ የነበረው ጣና ነውና እዚያም ደረስን። ጣና ሰፊ ነው፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲሮጥ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ የተከታተለ ማዕበል ያነሣል። እንደ ውቅያኖሱ ረጅምና የሚጋለብ አይደለም፤ ጀልባ የሚያንገጫግጭ ነው። ጠዋት መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ይናወጣል። ወደ ገዳማቱ የሚወስዱ ባለ ጀልባዎች ማልደው መነሣት የሚወዱት፣ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትም ዳር ዳሩን የሚይዙት ለዚህ ነው። ጀልባ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ለልጁ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ይጠይቁ፤ የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አያገለግልም፣ ውሃ ውስጥ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ከሌለ ገዳሙ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለም እግር መንከርና መዋኘት ይቅር። ወባም አለች፤ በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ትበረታለች። አጎበር ይዘው ይሂዱ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ «ታዲያ በክረምት ለምን እንሄዳለን?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ባለቤቴም ብላኛለች። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሞልቶ ለማየት ነሐሴና መስከረም ናቸው ጊዜው። የመንገድ ዳር በቆሎ እየተጠበሰ የሚሸጠው፣ በጎጃም ሜዳ ላይ አደይ የሚፈነዳው ያኔ ነው። ልጆቹም ትምህርት ቤት የማይኖራቸው በክረምት ነው። እኔ መቅረትን አልመክርም። አክስቴም ብትሆን ልጆቹን ከወንዙ አልከለከለቻቸውም፤ በማግስቱ ጠዋት ራሷ ይዛቸው ወረደች፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ የውሃውን ከፍታ በእንጨት ምልክት አስደረገቻቸው። «እንጨቱ ከተነካ፣ ሳትጠሩ ውጡ» አለቻቸው። እኔንም አብራ ያስቀመጠችኝ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ጉዞ ባሰብን ቁጥር ስልኩን የሚነጥቀኝ ልጄ ነው። ሰላምታውን ያሳጥራል፣ ጤናዋን በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል፣ ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ይገባል።

«እማማ፣ ወደ ላይ ወጥተሽ እይልኝ እስቲ፣ ተራራው ጠቁሯል?»

እሷም ስልኩን ይዛ ወደ ውጭ ስትወጣ ኮቴዋ ይሰማናል።