የነገን ሥዕል ማን ይሣለው? ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦ

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ መጪው ጊዜ የተሣለ ሥዕል ማየት ለሚፈልግ ሰው የሥዕል አዳራሽ መፈለግ አያስፈልገውም። የግንባታ ቦታ ያጠረውን ቆርቆሮ ማየት ይበቃዋል። መስታወት የለበሱ ፎቆች፣ ሁልጊዜ ሰማያዊ የሆነ ሰማይ፣ አንድም ጉልት ወይም ሊስትሮ የማይታይበት መንገድ፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ፈረንጅ መሳይ ልጆች፤ ከሥሩ ደግሞ የሽያጭ ክፍሉ ስልክ ቁጥር። ለብዙኃኑ የከተማ ነዋሪ የነገይቱ ኢትዮጵያ መልክ ይኸው ነው። ማስታወቂያ ነው።

እንግዲህ ሌላ ዓይነት የነገ ሥዕል ለመሣል የሚሰባሰቡ ሰዎች ቢኖሩ፣ የማንም ምርት ሳያስተዋውቁና የማንም ድርጅት ስም በሥራቸው ላይ ሳይለጠፍ እንዴት ይኖራሉ? በሌላው ዓለም ሳይንሳዊ ልቦለድን የሚሥሉና የሚጽፉ ገለልተኛ ማኅበራት ይህን ጥያቄ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲታገሉት ኖረዋል። ጥያቄው ለእኛም፣ በተለይ ለምዕራብ ሸዋ፣ ሩቅ አይደለም።

ሳይንሳዊ ልቦለድ ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት የሆሊውድ መንኮራኩር ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። «እንዲህ ቢሆንስ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ከዚያ ጥያቄው የሚያስከትለው ሁሉ በጥንቃቄ ይታሰባል፣ ይጻፋል፣ ይሣላል። ካለፉት 20 ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሶላርፐንክ የሚባል ዘርፍ ተፈጥሯል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ብቅ አለ፤ በ2012 ብራዚል ውስጥ የአጭር ልቦለዶች መድበል ታተመለት። ሥዕሎቹ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ መንደሮችን፣ በሰገነት ላይ የበቀለ አትክልትን፣ በጋራ የተያዘ መሬትንና ውኃን ያሳያሉ። የፖለቲካ እሴቱ ከሥዕሉ የሚነጠል አይደለም። «ውኃው የማን ነው?» ብሎ ያልጠየቀ ሠዓሊ ምንጩን የት ላይ እንደሚያስቀምጠው አያውቅም።

በአገራችን ዘርፉ ሥር ባይሰድም ባዶ ሜዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» በተሰኘ ልቦለድ አወቀ የሚባል ወጣት ፈረንሳይ ተምሮ ይመለስና የአገሩን ልማድ ለማሻሻል ይታገላል። መንኮራኩር የለበትም፤ ነገር ግን ያልመጣ ዘመንን በምናብ ሠርቶ ማሳየት ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ደግሞ ሳይንቲስቶችንና የጥንት ገዳማትን አንድ ላይ አድርጎ ብዙ አንባቢ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው፣ በስፔናዊው ሚጌል ላንሶ የተዘጋጀውና ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት «ክራምስ» ፊልም ኢትዮጵያን ከጥፋት በኋላ፣ ሰማይ ላይ የቆመ መንኮራኩር ሥር አሳየን፤ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ የሚከበርበት ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ሥዕላዊ ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ባለታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ተመራቂ ነው። (ሥራ ማግኘቱ በራሱ ሳይንሳዊ ልቦለድ ነው የሚሉ አንባቢዎች እንደማይጠፉ እገምታለሁ።) ቀጥሎ የመጣው «ሀዊ» ወጪው የተሸፈነው በኪክስታርተር በኩል ከአንባቢዎች አስቀድሞ በተሰበሰበ ገንዘብ ነበር። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ምዕራብ ሸዋ እንምጣ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለም እውነተኛ «እንዲህ ቢሆን ኖሮስ» ናት። ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ የአዲስ አበባ ማገዶ በማለቁ ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር ወስነው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ሐሳቡ ቀረ፤ በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን በቦታዋ አቆያት፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንድ የውጭ አገር ዛፍ ዋና ከተማን ወሰነ ማለት ነው። ባሕር ዛፉ ባይመጣስ? የዛሬው አምቦ በር የት ይሆን ነበር? የእንጦጦ ተራራ ምን ይመስል ነበር? የገበሬው መሬት በየት በኩል ይቆረስ ነበር? አንድ የሠዓሊዎች ቡድን ከዚህ በላይ ምን መነሻ ይፈልጋል?

ሁለተኛው መነሻ ግን ጨዋታ አይደለም። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በራሱ የነገ ሥዕል ነበር። በካርታ፣ በቀለም፣ በቀስት የተሠራ። ሥዕሉን የሣሉት ባለሙያዎች ነበሩ፤ በሥዕሉ ውስጥ ማሳቸው የሚገኝ ሰዎች ግን ሲሣል አልነበሩም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ጊንጪ ላይ የመጫወቻ ሜዳና ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው በሚል ተማሪዎች ወጡ፤ ተቃውሞው ክልሉን አዳረሰ። በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። አምቦም ሆነ ጊንጪ በልዩ ዞኑ ውስጥ የሚገኙ ከተሞች አልነበሩም። ሰዉ የወጣው ግቢው በካርታው ላይ ስለተሣለ ብቻ አይደለም፤ የነገን መልክ ማን ይወስናል በሚለው ጥያቄ ጭምር እንጂ። የፖለቲካ እሴት ያለው የሳይንሳዊ ልቦለድ ሥዕል ለአካባቢው ቅንጦት ነው ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው።

አምቦ ጥበብ አላጣችም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ከአምቦ አቅራቢያ ቦዳ ላይ ነው፤ የመጀመሪያ ተውኔቱንም የጻፈው ገና አምቦ ተማሪ ሳለ ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳ የአምቦ ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ ለአምስት ዓመታት ያህል ታሥሮ ሲወጣ የመጀመሪያ አልበሙን ይዞ መጣ፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ሁለቱም በየመንገዳቸው የደረሰውን በደልና የቀረውን ትዝታ አሰምተዋል። እንደ እኔ አስተያየት ከአካባቢው ያልመጣልን ጥበብ ወደ ፊት የሚያይ ነው። የሚገርመው የከተማዋ ስም ራሱ በመላ አገሪቱ የሚታወቀው በጠርሙስ ላይ ነው፤ «አንድ አምቦ» የሚል ሰው ስለ ከተማዋ አያስብም። ስሟ ማስታወቂያ የሆነባት ከተማ ያለ ማስታወቂያ የሚኖር የጥበብ ማኅበር ቢወጣባት ተገቢ ነው።

ለመሆኑ ማስታወቂያ ምን ችግር አለው? ብዙ ሠዓሊ ስፖንሰር ቢያገኝ ደስታውን አይችለውም። ችግሩ ከፋዩ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱንም ይዞ መምጣቱ ነው። በ2006 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በደሌ ቢራ፣ ባለቤቱ ሄኒከን ነበር፣ የቴዲ አፍሮን የኮንሰርት ጉዞ ስፖንሰር ለማድረግ ተስማምቶ ነበር። በአንድ መጽሔት ላይ ድምፃዊው ተናገረው የተባለና እሱ ያልተቀበለው አባባል ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ቢራውን አንጠጣም የሚል ዘመቻ ተጀመረ፤ ድርጅቱም ስምምነቱን አቋረጠ። ዘመቻውን የደገፈም የተቃወመም አንባቢ አለ። ሁለቱም ሊስማሙበት የሚገባው ግን ውሳኔው የተወሰደው በአርቲስቱም፣ በተመልካቹም ሳይሆን ሽያጭ በሚቆጥር ቢሮ ውስጥ መሆኑን ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ሲከለክል በቢራ ገንዘብ የቆሙ ብዙ ዝግጅቶች ተንገዳገዱ። ሕጉ ለጤና መልካም ነው። በአንድ ምሰሶ ላይ ለቆመ ቤት ግን መልካም አልነበረም።

መንግሥትም ስፖንሰር ነው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የነበሩትን የኪነት ቡድኖች የምናስታውስ ሰዎች፣ የፖለቲካ እሴት ያለው ጥበብ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን መፈክር ነው። እሴትና መስመር ግን አንድ አይደሉም። «መሬት ላይ የሚኖር ሰው ስለ መሬቱ ይጠየቅ» እሴት ነው፤ የፓርቲ ፕሮግራም በሥዕል ማስዋብ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ከየትኛውም መንግሥት ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ውስጥ የተመሠረተውና በየሠርጉ በኦሮምኛ ያዜም የነበረው አፍረን ቀሎ ምንም ፓርቲ ሳይሆን በዘመኑ መንግሥት ተዘግቷል።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በራስ ሆቴል በየወሩ ሲቀርብ የነበረው ጦቢያ ግጥምን በጃዝ አንዱን መልስ አሳይቷል፤ ተመልካቹ በር ላይ ይከፍላል፤ አዳራሹ ይሞላል። በውጭው ዓለም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ኩባንያ አንባቢዎች በነፃ የሚጽፏቸውን ታሪኮች ሰብስቦ ትርፍ ሊያገኝባቸው ሲነሣ፣ ጸሐፊዎቹ «ቤቱን ራሳችን እንግዛው» ብለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋሙ። ማስታወቂያ የለውም። በዓመት 10 ዶላር ያዋጣ አባል የቦርድ አባላትን ይመርጣል። ያቋቋሙት ቤተ መዛግብት በ2019 የሳይንሳዊ ልቦለድ ትልቁን ሽልማት ሁጎን አግኝቷል።

እዚህ ላይ ከገንዘብ የከፋ ሌላ ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ኒውዮርክ ውስጥ ፊውቸሪያንስ የተባለ የወጣቶች ቡድን ተመሠረተ፤ በኋላ ስመ ጥር የሆኑት አይዛክ አሲሞቭና ፍሬደሪክ ፖል አባላት ነበሩ። ብዙዎቹ ግራ ዘመም ነበሩ፤ መጽሔታቸውን በማባዣ ያባዙ ነበር። በሐምሌ 1939 የመጀመሪያው የዓለም የሳይንሳዊ ልቦለድ ጉባኤ ሲከፈት፣ በራሪ ወረቀት ይበትናሉ ብለው የፈሩ አዘጋጆች ጥቂቶቹን በር ላይ መለሷቸው። ቂሙ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ። እሴት አለኝ የሚል ማኅበር ማን እንደሚገባ፣ ማን በምን ምክንያት እንደሚወጣና የወጣው ለማን ይግባኝ እንደሚል ጠብ ሳይነሣ በፊት መጻፍ አለበት። የአካባቢያችን ዕድር ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ መተዳደሪያ ደንብ፣ የቀረ ሰው መቅጫ፣ ዳኛ አለው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 አምስት ሰዎች ተሰባስበው ማኅበር እንዲመሠርቱ፣ ሕጋዊ ገቢ የሚያስገኝ ሥራም እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ በአንድ ክልል ብቻ ለሚሠራ ማኅበር ምዝገባው የክልሉ ጉዳይ ነው። የቀረው ዕቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ እኩል ቢያዋጡና ዕጣ የወጣለት በዚያ ወር ሥራውን ቢያሳትም፣ በዓመት አሥራ ሁለት ሥራ ይወጣል፤ ማንም ለማንም ባለውለታ አይሆንም። ኪክስታርተር ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ የባንክ ሒሳብ ለሚጀምር ሥራ አይሆንም፤ ነገር ግን ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የጌዶና የጉደር አንባቢ ሃያ ሠላሳ ብሩን አስቀድሞ ለመላክ አምቦ ድረስ መሳፈር አያስፈልገውም። የ«ሀዊ» መንገድ በአገር ገንዘብ ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ ቅድሚያ የተከፈለበት ሥራ ቢዘገይ ሒሳቡ ለከፋዩ ሁሉ በየወሩ ይነገር። ዕቁብ የሚፈርሰው በሌብነት ብቻ አይደለም፤ በዝምታም ይፈርሳል።

በዚህ ዘመን ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ «የ2050 አዲስ አበባ» ሲባል በሰከንዶች ውስጥ ሥዕል ይሠራል። ውጤቱን አይታችሁት ከሆነ የቆርቆሮ አጥሩን ሥዕል ትዝ ይላችኋል፤ ከዚያው ከማስታወቂያው የተማረ ይመስላል። ማኅበሩ ይጠቀምበት አይጠቀምበት አባላቱ ይወስኑ። እኔ ብሆን አልጠቀምበትም፤ የጊንጪን ሜዳ ያላየ ሣይ የጊንጪን ነገ ሊነግረኝ አይችልም።

በመጨረሻ የቋንቋ ጉዳይ አለ። አምቦ ላይ የሚወጣ ሥራ በኦሮምኛ መውጣቱ አያከራክርም፤ በአማርኛ ካልወጣ ግን ሰፊ ገበያ ያጣል፣ ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ ያለው የአዲስ አበባ አንባቢም አያየውም። ብዙዎች ይህን እንደ እጥፍ ወጪ ያዩታል። ለሥዕላዊ ታሪክ እንደዚያ አይደለም። ባለ ቀለም ኅትመት በአራት ሰሌዳዎች ነው የሚታተመው፤ ጽሑፉ በጥቁር ብቻ ከተሠራ ሦስቱ የቀለም ሰሌዳዎች ለሁለቱም ቋንቋ ያገለግላሉ፤ የሚለወጠው ጥቁሩ ሰሌዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱን እትሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ማተሚያ ቤት፣ በተከታታይ ማሳተም ይቻላል። ማተሚያ ቤቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይህን መንገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።