በፓኔሉና በፓምፑ መካከል፦ የፓወር ኤሌክትሮኒክስ ትውውቅ

ፓወር ኤሌክትሮኒክስ የመነጨን ኤሌክትሪክ ተጠቃሚው መሣሪያ በሚፈልገው መጠንና ዓይነት ለውጦ የሚያቀርብ የምሕንድስና ዘርፍ ነው። አፍሪካ ራይዚንግ የተባለው የምርምር ፕሮግራም በሠራባት በሌሞ ወረዳ፣ ጥልቀት ከሌላቸው ጉድጓዶች ውኃን በፀሐይ ኃይል ስቦ አትክልትና የከብት መኖ የማልማት ሙከራ ተካሂዷል። እንዲህ ያለውን ፓምፕ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በሶላር ፓኔሉ ላይ ቢሆንም፣ ከፀሐዩ ኃይል ምን ያህሉ ውኃ ሆኖ እንደሚወጣ በመወሰን ረገድ በፓኔሉና በሞተሩ መካከል የተቀመጠችው ትንሽ ሳጥን ትልቅ ድርሻ አላት።

የሳጥኗ ልብ ትራንዚስተር ነው፤ ይህም የሚንቀሳቀስ አካል ሳይኖረው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ሲበራ ጅረትን እንደ ልብ ስለሚያሳልፍ፣ ሲጠፋም ጨርሶ ስለሚያግድ፣ በራሱ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ኃይል ጥቂት ነው፤ የበራበትንና የጠፋበትን ጊዜ በማመጣጠንም ቮልቴጅን ከፍም ዝቅም ማድረግ ይቻላል።

ጥቅሙ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። ባለ 100 ዋት የተለመደ ፓኔል ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው 18 ቮልት ገደማ ላይ 5.5 አምፔር ሲያመነጭ ነው፤ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሲያያዝ ግን ባትሪው ቮልቴጁን ወደ 12.5 ስለሚጎትተው፣ አምፔሩ ብዙም ሳይጨምር የሚገኘው ኃይል ወደ 70 ዋት ይወርዳል። ከፍተኛውን የኃይል ነጥብ የሚከታተል ቻርጅ ኮንትሮለር ፓኔሉን በ18 ቮልት አቆይቶ ትርፉን ቮልቴጅ ወደ አምፔር ስለሚቀይረው፣ ከባከነው 30 ዋት አብዛኛውን ያስመልሳል። የክረምት ደመና በሚበዛበት፣ ሌሞ በምትገኝበት በሆሳዕና ዙሪያ ደጋ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ነጥቡ ስለሚለዋወጥ ለፓምፕ የሚገጠመው መሰል ኮንትሮለር እየተከተለ የፓምፑን ፍጥነት ዝቅ ያደርጋል እንጂ ሞተሩ እንዲቆም አይተወውም።

ፓኔልና ባትሪ የሚሰጡት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ቀጥተኛ ጅረት ሲሆን፣ የቤት ዕቃ የሚፈልገው ግን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ የ220 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት በመሆኑ ለዋጩ ኢንቨርተር ያስፈልጋል። ርካሽ ኢንቨርተሮች ማዕበሉን ለስላሳ አድርገው ከመሥራት ይልቅ በደረጃ እየቆረጡ ስለሚያቀርቡት፣ የማቀዝቀዣ ሞተር ያለወትሮው ያጉረመርማል፣ ይግላልም፤ ገዢ ከዋቱ መጠን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው።

ይኸው ተግባር በግዙፍ መጠን የሚታየው ከሌሞ በስተደቡብ በወላይታ ሶዶ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀውና 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም ያለው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ኃይል የሚያስተላልፈው በቀጥተኛ ጅረት በመሆኑ፣ በሁለቱም ጫፎች ታይሪስተር የተባሉ ግዙፍ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያዎች ጅረቱን ይለውጣሉ። ስለዚህም የሁለቱ አገሮች መረቦች ምታቸውን ማስማማት ሳያስፈልጋቸው ኃይል ይለዋወጣሉ።

የዘመኑ ትልቅ ለውጥ ያለው ማብሪያ ማጥፊያው በሚሠራበት ቁስ ላይ ነው። ሲሊከን ካርባይድ ከተለመደው ሲሊከን አሥር እጥፍ ገደማ የበረታ የኤሌክትሪክ መስክ ስለሚቋቋም ስስ ሆኖ ይሠራል፣ ሙቀትንም ይችላል፤ ጋሊየም ናይትራይድ ደግሞ ይበልጥ በፍጥነት ይበራል፣ ይጠፋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ኃይልን ለቅጽበት የሚያጠራቅሙት የሽቦ ጥቅልሎችና ካፓሲተሮች ስለሚያንሱ፣ ኢንቨርተሩም የስልክ ቻርጀሩም መጠናቸው እየቀነሰ መጥቷል።

ገመድ አልባ ቻርጅም የዚሁ ፍጥነት ልጅ ነው። በአንድ የሽቦ ጥቅልል ውስጥ ተለዋዋጭ ጅረት ሲመላለስ ዙሪያውን የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ ይህም መስክ ፊት ለፊቱ ባለው ሌላ ጥቅልል ውስጥ ጅረት ያስነሳል። የመስመሩ የ50 ምልልስ ፍጥነት ለዚህ እጅግ ዝግተኛ በመሆኑ፣ ለአነስተኛ መኪኖች የወጣው ደረጃ በሴኮንድ ወደ 85,000 የሚጠጋ ምልልስ ተጠቅሞ እስከ 11 ኪሎ ዋት ያሻግራል። ጥቅልሎቹ ሲራራቁ ወይም ጎን ለጎን ሲዛነፉ ግን ብክነቱ ይጨምራል፤ ከማስቀመጫው መሐል ፈቀቅ ያለ ስልክ የሚግለው ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች በኋላ የቻርጅ ጉዳይ የክልል ከተሞችም ጉዳይ ሆኗል። ለሆሳዕና ጎዳና አሁን የሚቀርበው ገመዱ ነው፤ ዋጋውም ብክነቱም አነስተኛ ነውና። ገመድ አልባው ቦታ የሚኖረው ጭቃና አቧራ የሶኬቱን ብረት በሚበሉበት፣ ባጃጆችም ተራ እየጠበቁ በየቀኑ በአንድ ቦታ በሚቆሙበት ፌርማታ ላይ ይሆናል፤ የተሸፈነ ጥቅልል ዝናብም ሆነ አቧራ የሚነካው የተገለጠ ብረት የለውም።