ትኬት ረከሰ ሲባል ለማን ነው?

ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አዛውንት ገቡ። ታናሽ ወንድማቸው አዲስ አበባ አርፈዋል፤ ቀብሩ በማግስቱ ነው። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ኮምፒውተሯን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባቴ፣ ነፍስ ይማር። ለነገ ጠዋት የቀረው የላይኛው ክላስ ብቻ ነው።»

ዋጋውን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ባለፈው ወር የልጄ ልጅ በግማሹ ሄዶ የለም እንዴ?» አሏት።

«እሱ ቀደም ብሎ ቆርጦ ነዋ አባቴ።»

«እኔስ ቀደም ብሎ ማን ነገረኝ?»

በመሐረብ የተቋጠረውን ብር ፈተው አንድ በአንድ ቆጠሩና ከፈሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ የነበረው ወጣት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ለሚሄድበት ጉዞ የእሳቸውን ግማሽ ያህል ከፍሎ ወጣ። አየር ማረፊያው ለሁለቱም አንድ ነው፤ አዘዞ ያለው አፄ ቴዎድሮስ። በረራው ለሁለቱም አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የሚቀርብላቸው ውኃም አንድ ነው።

«የአገር ውስጥ በረራ ዋጋ ወረደ» የሚለውን ወሬ በሰማሁ ቁጥር እኚያ አዛውንት ትዝ ይሉኛል። ወሬው ውሸት ነው አልልም። ለወጣቱ በእርግጥ ወርዷል። ለእሳቸው ግን አልወረደም፤ ይህ የሆነውም በስህተት ወይም በማንም ክፋት አይደለም። የወንበር ዋጋ የሚወጣበት መንገድ ራሱ እንዲህ ያለ ነው።

መንገዱን ለመረዳት ከመናኸሪያ እንጀምር። ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ ሰዓት የለውም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል፤ ሲሞላ ይነሣል። ታሪፉ የታወቀ ስለሆነ ባዶ ወንበር የሚያመጣውን ኪሳራ የሚሸከሙት ቀድመው ገብተው ሁለት ሰዓት የሚጠብቁት ተሳፋሪዎች ናቸው፤ የሚከፍሉትም በጊዜያቸው ነው። አውሮፕላን ግን እስኪሞላ አይጠብቅም። ሰዓቱ ሲደርስ 20 ሰውም ይዞ ቢሆን ይነሣል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ በረራ ይጠብቀዋል። ባዶ የሄደች ወንበር ደግሞ ነገ አትሸጥም።

በዚህ በኩል ወንበር ከቅዳሜ ገበያ ቲማቲም ጋር ትመሳሰላለች፤ ሁለቱም ካልተሸጡ ይበላሻሉ። ነገር ግን ባለ ቲማቲሟ ጠዋት በውድ ጀምራ ሲመሽ ታረክሳለች፣ አየር መንገድ ደግሞ በርካሽ ጀምሮ ሲመሽ ያስወድዳል። ልዩነቱ ያለው ከገዢው ነው። ማታ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ርካሽ ፈላጊ ነው። በረራው ሊነሣ ሲል የሚመጣ መንገደኛ ግን ወይ ለቅሶ ደርሶበታል፣ ወይ ሕመምተኛ ይዟል፣ ወይ መሥሪያ ቤቱ ልኮታል። መሄድ ግዴታው ስለሆነ ዋጋ አይመርጥም።

በቁጥር ላሳይ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኋቸው እኔ ነኝ፤ የማንም ድርጅት ሒሳብ አይደሉም። 78 ወንበር ያለው አንድ ኪው 400 አውሮፕላን ለአንድ በረራ 350,000 ብር ያስወጣል እንበል። ነዳጁ፣ የአብራሪዎቹ ደመወዝ፣ ጥገናውና የማረፊያ ክፍያው፣ ተሳፋሪ በዛም አነሰም፣ ያው ነው ለማለት ይቻላል። ለሁሉም በ8,000 ብር ቢሸጥ የሚገዛው 35 ሰው ነው እንበል፤ ገቢው 280,000 ይሆናል፣ ኪሳራ ነው። ለሁሉም በ4,000 ቢሸጥና ቢሞላ ደግሞ 312,000 ያገኛል፤ አሁንም ኪሳራ ነው። በሁለት ዋጋ ቢሸጥስ? ቀደም ብለው ለሚገዙ 40 ሰዎች በ4,000፣ ዘግይተው ለሚመጡ 30 ሰዎች በ8,000 ይስጥ። ውድ ከፋይ ከነበሩት 35 ሰዎች አምስቱ ቀድመው በርካሹ ገቡ ብለንም እንኳ ገቢው 400,000 ይደርሳል። በአንድ ዋጋ መብረር ያልቻለው አውሮፕላን በሁለት ዋጋ በረረ ማለት ነው።

ስለዚህ ዋጋ መለያየቱን ከሥሩ የሚኮንን ሰው በረራው ራሱ እንዳይኖር እየጠየቀ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አለበት። በምሳሌያችን ወጣቱ በ4,000 የበረረው አዛውንቱ 8,000 ስለከፈሉ ነው። አዛውንቱም ለነገ ጠዋት በረራ ያገኙት እንደ ወጣቱ ያሉ 40 ሰዎች ወጪውን ስለተጋሩ ነው።

ታዲያ ስንት ወንበር በርካሽ ይለቀቅ? በ1972 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ቢኦኤሲ አየር መንገድ ይሠራ የነበረው ኬን ሊትልውድ ለዚህ ቀላል ደንብ አስቀመጠ። ርካሹን ገዢ ዛሬ መሸኘት የሚያዋጣው፣ ወንበሩ ኋላ በውድ የመሸጥ ዕድሉ በውዱ ዋጋ ተባዝቶ ከርካሹ ዋጋ ሲበልጥ ብቻ ነው። በእኛ ምሳሌ 4,000 በእጅ ነው፣ 8,000 በተስፋ ነው፤ ተስፋው ከግማሽ በላይ ከሆነ ወንበሩን አስቀምጥ፣ ከግማሽ በታች ከሆነ ሽጥ። ዛሬ ኮምፒውተሩ ይህን ስሌት በሁለት ዋጋ ሳይሆን ከደርዘን በሚበልጡ የዋጋ ክፍሎች ላይ፣ ለእያንዳንዱ በረራ፣ ሌት ተቀን ይሠራል። ክፍሎቹ በላቲን ፊደላት ይጠራሉ። «ክላሱ ተዘግቷል» ሲባል የምንሰማውም ይህንኑ ነው።

የጥምቀት ሰሞን ነገሩ ይበልጥ ይገባል። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚመጣ አውሮፕላን ሁሉ ይሞላል። ታቦታቱን ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ለመሸኘት የሚመጣው ምእመን፣ ከውጭ የሚገባው ወገን፣ ቱሪስቱና የጥር ሠርገኛው አንድ ላይ ይወርዳሉ። ወንበሩ በውድ እንደሚሸጥ ኮምፒውተሩ ካለፉት ዓመታት ስለሚያውቅ የታችኞቹን ክፍሎች ከመጀመሪያው አይከፍታቸውም። ሰው «ለበዓል ጨመሩ» ይላል፤ በአብዛኛው ግን የጨመረ ዋጋ የለም፣ ርካሹ በር ሳይከፈት መቅረቱ ነው። በዚያው ሳምንት ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ያው አውሮፕላን ግን ብዙ ባዶ ወንበር ይዞ ይሄዳል። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ውድ ወንበር የሌላውን ባዶ ጉዞ ወጪ ጭምር ይሸፍናል። ጥር 8 ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ጉዳይ ያለው ሰው ይህን ቢያውቅ ገንዘቡን ያተርፋል።

አሁን ወደ «ወረደ» ወደሚለው ቃል ልመለስ። አንድ አየር መንገድ ቅናሽ ሲያውጅ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው የታችኛውን ክፍል ከፍቶ ማስተዋወቅ ነው። ጥያቄው ዋጋው ስንት ሆነ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዋጋ ስንት ወንበር ተለቀቀ የሚለውም ነው። አምስት ወንበርም ቅናሽ ነው፣ 50 ወንበርም ቅናሽ ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን አንድ ይመስላሉ።

ሌላው አሳሳች ነገር መለኪያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአውሮፕላኑ መለዋወጫና ነዳጁ በዶላር ይገዛሉ፣ የአገር ውስጡ መንገደኛ ግን በብር ይከፍላል። የትኬቱ ዋጋ በብር 50 ከመቶ ቢጨምር በዶላር ለሚያስብ ሰው ወረደ፤ በወር ደመወዝ ለሚያስብ የጎንደር መምህር ግን ወጣ። ከውጭ የሚመጣው ወገናችን «አገር ቤት በረራ ርካሽ ሆኗል» ሲል እውነቱን ነው፤ መምህሩ ሲያማርርም እውነቱን ነው። በዚያ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ ዓለም አቀፍ በረራ ለመጣ መንገደኛ የአገር ውስጡን ትኬት በትልቅ ቅናሽ ይሸጥለታል። ንግዱ ትክክል ነው፤ ከዋሽንግተን የመጣው ትኬት ለጎንደሩም ይተርፋል። ለፒያሳ አስጎብኚዎችና ለደባርቅ ባለ በቅሎዎችም እንጀራ ነው። ግን ርካሹን ወንበር የሚያገኘው ማን እንደሆነ ያሳያል።

ዋጋ ለሁሉም የወረደባቸውን አገሮች ስናይ አንድ ነገር አይታጣም፤ በመስመሩ ላይ ሌላ አውሮፕላን ገብቷል። አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. የበረራ ዋጋን ከመንግሥት ቁጥጥር ነጻ ካደረገች በኋላ ፒፕል ኤክስፕረስ የተባለ ርካሽ አየር መንገድ በ1981 ተነሣ። ግዙፉ አሜሪካን ኤርላይንስ በሮበርት ክራንዳል መሪነት በ1985 የመለሰው መልስ ዋጋውን ሁሉ ማውረድ አልነበረም። ባዶ ሊሄዱ የሚችሉትን ወንበሮች ብቻ ቀድሞ ለሚገዛ ሰው በተፎካካሪው ዋጋ ለቀቀ፤ የነጋዴዎቹን ወንበር በውድ እንደያዘ። ፒፕል ኤክስፕረስ በ1987 ከገበያ ወጣ። ዛሬ የምናውቀው የትኬት አሻሻጥ በአብዛኛው የዚያ ፍልሚያ ልጅ ነው። ወደ ቤታችን ስንቀርብ ኬንያ ኤርዌይስ በ2014 እ.ኤ.አ. ጃምቦጄት የተባለ ርካሽ ድርጅት አቋቁሞ ከናይሮቢ ሞምባሳ ከ2,850 ሽልንግ ጀምሮ መሸጥ ያዘ። ይህን ያደረገው ሌሎች ርካሽ አየር መንገዶች ገበያውን ሊሻሙት ስለመጡ ነው።

የጎንደር መስመር ተፎካካሪ ማን ነው? ዋጋውን የሚያስወርድ ሌላ አየር መንገድ አይታይም። የግል ባለሀብት ለረዥም ዓመታት ከ50 ወንበር በላይ ባለው አውሮፕላን ሰው እንዳያጓጉዝ ተከልክሎ ነበር። በትንሽ አውሮፕላን የአንድ ወንበር ወጪ ስለሚበዛ የግል ድርጅቶች በአብዛኛው ቻርተር ላይ ቀሩ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 የውጭ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር እስከ 49 ከመቶ ድርሻ ይዞ በአገር ውስጥ በረራ እንዲገባ ፈቅዷል፤ አዘዞ ላይ የሚታይ ለውጥ ግን አላመጣም።

እውነተኛው ተፎካካሪ አውቶቡሱ ነበር። ንጋት ሳይቀድ ከጎንደር ተነሥቶ፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው አውቶቡስ። ትኬቱ የአውሮፕላኑ ጥቂት እጅ ስለሆነ የአውሮፕላኑ ዋጋ በጣም ሲወጣ ሰው ወደ መናኸሪያ ይመለስ ነበር። ይህ ለአየር መንገዱ ማንም ያልጻፈለት ጣሪያ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ጦርነት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ሰሞን ወዲህ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ክፍትም ሆኖ ሲያሰጋ፣ ያ ጣሪያ ተነሣ። አውቶቡስ የለመደው ገበሬና ነጋዴ፣ ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ፣ ሁሉም ወደ አዘዞ ፊቱን አዞረ። ኮምፒውተሩ ስለ ጦርነቱ አያውቅም፤ የሚያየው ወንበሮቹ ቶሎ ቶሎ ማለቃቸውን ነው። ስለዚህ የታችኞቹን ክፍሎች ቶሎ ቶሎ ይዘጋል። እኔ በዚህ አገር የበረራ ዋጋ ውስጥ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የመንገድ ሰላም ማጣት ማንም ሳይወስን ወደ ትኬት ዋጋ ይለወጣል።

ሌሎች አገሮች አማራጭ መንገድ የሌለውን ሕዝብ ለገበያው ብቻ አልተዉትም። ስፔን የካናሪና የባሌሪክ ደሴቶች ነዋሪዎች ወደ ዋናው ምድር ሲበሩ የትኬቱን 75 ከመቶ ትከፍልላቸዋለች። ስኮትላንድም ለሩቅ ደሴቶቿ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅናሽ ትሰጣለች። እንዲህ ያለ ሰፊ ድጎማ የእኛ በጀት አይችለውም፤ ቢችልም መንግሥት እንደሚከፍል ያወቀ ሻጭ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ይፈተናል። እኔን የሚስበኝ የኤር ካናዳ ዓይነቱ ጠባብ መንገድ ነው፤ ቤተሰብ ሞቶበት በድንገት ለሚጓዝ ሰው የተለየ ዋጋ አለው። እኛ ዘንድ በእድር ማረጋገጫ ለለቅሶ፣ በሆስፒታል ሪፈር ወረቀት ለሕመምተኛና ለአስታማሚው ቢሆን አሠራሩ አይከብድም።

ወጪውንም በዚያው በምሳሌዬ ላስላው። ከ78ቱ አራት ወንበር እስከ መጨረሻው ሰዓት በ4,000 ብር ይያዝ። አራቱም በ8,000 ይሸጡ ነበር ብለን ብንነሣ እንኳ አየር መንገዱ በአንድ በረራ የሚያጣው 16,000 ብር ነው። ይህን ለመተካት ቀድመው ከገዙት 40 ሰዎች እያንዳንዳቸው 400 ብር ቢጨምሩ ይበቃል። ያ ሦስት ሳምንት ቀድሞ የቆረጠው ወጣት በ4,400 ብር ይሄድ ነበር፤ አዛውንቱም በመሐረባቸው ከቋጠሩት ውስጥ 4,000 ብር ለለቅሶው ይዘው።