እንደራሴው ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ፤ ስለ ወጣው ሕግና ስለ መንግሥት ሥራ የሚሰጠው መግለጫ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ በቆላው ሜዳ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ማሽላ፥ ጤፍና ማሾ፥ ወንዝ በሚጠለፍበት ስፍራም ሽንኩርት ይበቅልበታል። አማራ፥ አርጎባና ኦሮሞ በጉርብትና ይኖሩበታል፤ በምሥራቅ በኩል የአፋር አገር ይዋሰነዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህ አገር ገበሬ በፓርላማ የመረጠው ሰው ስለ ሕግና ስለ መንግሥት ሥራ ሊነግረው ሲመጣ፥ ነገሩ እንዴት እንደሚደርሰውና ከምን ላይ እንደሚሰናከል መግለጽ ነው።

በቀድሞ ዘመን አዋጅ የሚነገረው በገበያ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል፤ ሰውም ጨውና እህሉን ሸምቶ ሲመለስ የሰማውን ይዞ ይገባል። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር ስሙን ከዚሁ ወሰደ። ነገር ግን ጋዜጣ ለሚያነብ ሰው እንጂ ለማያነብ አይናገርም፤ ስለዚህ ሕጉን አፍ አውጥቶ የሚያስረዳ ሰው አስፈለገ። ይህ ሰው እንደራሴው መሆን ይገባው ነበር። ቃሉ ራሱ «እንደ ራሴ» ማለት ነውና።

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎቹ የሚመረጡት በመኳንንትና በአገር ሹማምንት ነበር፤ ስለዚህ ለሕዝብ መልስ የመስጠት ግዴታ አልነበረባቸውም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደ። ለሁለት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ሁለት እንደራሴ ይመረጥ ነበር፤ ተመራጩም ዕድሜው ከ25 ዓመት ያላነሰና በምርጫው ክልል ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ይህን የመጨረሻውን ሐረግ አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን። ዋና ከተማው ደብረ ሲና በነበረው በይፋትና ጥሙጋ አውራጃም ቢሆን፥ መሬትና ከብት የሌለው ጢሰኛ መምረጥ ይችላል፤ መመረጥ ግን አይችልም ማለት ነው።

ውጤቱም በጢሰኞች ሕግ ላይ ታየ። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር የመሬት ኪራይን ልክ የሚወስንና ጢሰኛ በባለ መሬቱ ፈቃድ ብቻ እንዳይነቀል የሚከላከል ረቂቅ አዘጋጅቶ ለፓርላማ አቀረበ። ረቂቁ ለዓመታት ሲጓተት ቆየ፤ ሕጉ ሳይወጣ ፓርላማው ራሱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ተዘጋ። አንድ እንደራሴ በዚያ ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሶ ስለዚህ ረቂቅ ለጢሰኞች ሊነግር ቢነሣ፥ ተናጋሪው ባለ ንብረት፥ ሰሚው የሰው መሬት አራሽ ነው። ብዙ ይነግራቸው ነበር ብሎ ማመን ይከብደናል።

ሕግ ያለ በቂ መግለጫ ሲወርድ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ ለማየት ግን ከይፋት ወጥተን ወደ ጎጃም መሻገር ያስፈልጋል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የአሥራትን ግብር አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ልክ የሚከፈል ግብር ተካ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ መጥፎ አልነበረም። የጎጃም ገበሬ ግን አዋጁን ያወቀው ከእንደራሴው አፍ ሳይሆን ገቢውን ሊገምቱ ከመጡ ሰዎች ነው። ግምቱ መሬት ወደ መለካት፥ መለካቱም ርስትን ወደ መንጠቅ ያደርሳል ብሎ ፈራ፤ ሸፈተም። ወታደር ዘመተ፥ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም መንግሥት የቆየውን ውዝፍ ግብር እስከ መማር ደረሰ። በእርግጥ የሹማምንት በደልም ስለ ነበረበት ጥፋቱን ሁሉ በመግለጫ ጉድለት ላይ መጣል አይገባም። ሆኖም ወሬ የሚነግሠው እውነተኛው ነገር ባልተነገረበት ቦታ ነው።

የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የወጣው ፓርላማ በሌለበት ጊዜ ስለ ሆነ ከዚህ አርእስት ውጭ ነው፤ ይሁን እንጂ ጢሰኝነትን ያስቀረው እርሱ መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም።

አሁን ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አባሉ ለሕገ መንግሥቱ፥ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ እንደ ሆነ ይደነግጋል፤ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ቢያጣበትም ሊያወርደው እንደሚችል ይናገራል። የተወካዮች ምክር ቤት ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊወስድ ይችላል። ተወካዩ ወደ መራጮቹ የሚወርድበት ምቹ ጊዜ ይህ ዕረፍትና ክረምቱ ነው። ክረምቱ ግን ገበሬው ለስብሰባ ከሁሉ ይልቅ የማይመቸው ወራት መሆኑን ልብ ይሏል።

ከቅርብ ጊዜ ሕጎች ውስጥ ለቆላው ገበሬ እጅግ የሚያስፈልገው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 456 ተክቷል። ባለ ይዞታው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ ገንዘብ ሊበደር እንደሚችል ይፈቅዳል። ለውሃ መሳቢያ ሞተር፥ ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ ለሚቸግረው የሽንኩርትና የማሾ አምራች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ተወካዩ «ደብተራችሁን አስይዛችሁ መበደር ትችላላችሁ» ብሎ ቢቀመጥ ግማሹን ብቻ ተናገረ። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም፤ ስለዚህ የሚያዘው መሬቱ ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው። ተበዳሪው ዕዳውን ባይከፍል አበዳሪው ለተወሰነ ዘመን በመሬቱ ይጠቀማል እንጂ ባለቤት አይሆንም። እንግዲያው ገበሬው ሊጠይቅ የሚገባው ዘመኑ ስንት እንደ ሆነ፥ ዝናብ ቢቀር ምን እንደሚደረግለትና በዚያ ጊዜ ቤተ ሰቡ ምን እንደሚበላ ነው። ደብተሩ በባልና በሚስት ስም የተጻፈ ስለ ሆነም ሚስቲቱ በስብሰባው ላይ መገኘት አለባት። ባል ሰምቶ ይነግራታል ማለት አይበቃም።

ሌላም መሰናክል አለ። የመሬትን ጠቅላላ ሕግ የሚያወጣው በአዲስ አበባ ያለው ምክር ቤት ነው፤ መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ በመሆኑ ዝርዝሩ የሚወሰነው በባሕር ዳር ነው፤ ደብተሩን የሚሰጠው ደግሞ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ገበሬው ግን ፊቱ የቆመውን ሰው «መንግሥት» ብሎ ያየዋል፤ ስለ ጉድጓድ ውሃ፥ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፥ ስለ ቀበሌው መንገድ የሚጠይቀውም እርሱን ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ በየምርጫ ክልሉ ለሚሠራ ሥራ የሚውል ገንዘብ መደበች፤ እንደራሴዎቹም በአጠቃቀሙ ላይ ትልቅ ድምፅ ነበራቸው። የኛ ተወካይ እንዲህ ያለ ገንዘብ የለውም፤ በጀቱን በሰኔ ያጸድቃል፥ ከዚያ ወዲያ የክልሉ ድርሻ ወደ ክልሉ፥ ከክልሉም ወደ ወረዳው ይወርዳል። በእጁ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ «ይህ ረቂቅ ነው፥ ይህ ጸድቋል፥ ይህ የክልሉ ነው፥ ይህን እኔ አላውቅም» ብሎ ለይቶ ከተናገረ ሥራውን ሠርቷል እንላለን። ያልያዘውን ገንዘብ ተስፋ ሰጥቶ የሚሄድ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሰሚ አያገኝም፤ ያን ጊዜ እውነተኛ ነገር ቢያመጣም አይታመንም።

ከሕጉ በፊት ደግሞ የሰላም ጥያቄ ይመጣል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል ግጭት ተነሣ። መንገድ በሚዘጋበት ወራት ተወካዩ አይወርድም፤ ቢወርድም ስብሰባው በከተማው አዳራሽ፥ የሚሰሙትም የመንግሥት ሠራተኞች ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ ገበሬው ስለ መሬቱ የሚሰማው ከነጋዴና ከሹፌር ነው።

ቋንቋም አለ። መግለጫው በአማርኛ ብቻ ሲሰጥ፥ ኦሮምኛ ለሚናገሩት ሽማግሌዎች የሚደርሳቸው ሦስተኛ ሰው አሳጥሮ የነገራቸው ነው፤ «መያዣ» የሚለው ቃል በዚህ መንገድ «ሽያጭ» ሆኖ መድረሱ አያስገርምም። አስተርጓሚ ማቆም ብዙ ወጪ የለበትም፤ በይፋት ገበያ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ሞልቷል።