በር የከፈቱ ሴቶች

እዚህ ዶካ አካባቢ ሌሊት ምጥ ሲመጣ ቀድማ የምትጠራው አዋላጅ ናት። ለመሆኑ በሱዳን የሴቶች የሕክምና ትምህርት እንዴት ተጀመረ? እስቲ ጥቂት እናውጋችሁ።

እንግሊዛዊቷ አዋላጅ ነርስ ሚስ ሜብል ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1921 ኦምዱርማን ላይ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ታዲያ ምን ተደረገ? መድኃኒቱን በቀለሙ፣ በጠረኑና በጣዕሙ መለየት ተማሩ።

የሐኪምነቱ በር ግን ለሴቶች ቶሎ አልተከፈተም። በ1924 ካርቱም ውስጥ ሥራ የጀመረው፣ ኋላም የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የሆነው የኪችነር ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያዎቹን ሴት ሐኪሞች ያስመረቀው በ1952 ነው። እነሱም ዶክተር ኻሊዳ ዛሂርና ዶክተር ዘርዊ ሳርኪስያን ናቸው። የኻሊዳ አባት የጦር መኮንን ነበሩ፤ ልጃቸውን ከማስተማር ወደኋላ አላሉም። እሷም በዚያው ዓመት የሱዳን ሴቶች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች።

እናንት ወላጆች፣ ሴት ልጃችሁን ለውኃና ለማገዶ ብላችሁ ከክፍል አታስቀሯት። ማንበብ የማይችሉት ተምረው ካዋለዱ፣ ፊደል የቆጠረችው ልጃችንማ ምን ያቅታታል?