በማሚቶ የተሳለ ወለል

በስልካችን ስናየው የውቅያኖስ ወለል ካርታ አንድም ክፍተት የለበትም። አብዛኛው ግን ሳተላይቶች የውሃውን ገጽ ከፍታና ዝቅታ ለክተው ከላኩት መረጃ የተገመተ ነው። እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዘመናዊ መስፈርት በቀጥታ ተለክቶ የታወቀው 27.3 በመቶው ብቻ ነው።

ብርሃን ባሕር ውስጥ ጥቂት መቶ ሜትር ወርዶ ይከስማል። ድምፅ ግን በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይከንፋል። መርከቧ ድምፅ ትልካለች፤ ወለሉ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሳል፤ ደርሶ መልሱ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይነግራል። ከዚያ በፊት የነበረው መለኪያ ክብደት የታሰረበት ገመድ ነበር። ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን የዞረችው የእንግሊዟ ቻሌንጀር በገመድ ጥቂት መቶ ልኬቶችን ስታገኝ፣ ከ1925 እስከ 1927 ደቡብ አትላንቲክን ያሰሰችው የጀርመኗ ሜቴዎር በድምፅ ከ67,000 በላይ ሰብስባለች።

ቁጥሮቹን ወደ መልክዓ ምድር የለወጠችው ሜሪ ታርፕ ናት፤ ስሟ ከዚህም በላይ ሊታወቅ ይገባው ነበር። ሴት በመሆኗ የምርምር መርከብ ላይ እንድትሳፈር ስላልተፈቀደላት፣ ኒው ዮርክ ተቀምጣ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን ከባሕር የሚያመጣውን ልኬት በእጇ ትስል ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአትላንቲክ መካከል በተዘረጋው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ ስንጥቅ ሸለቆ አየች። ሂዘን የሴት ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው። በአጠገቧ ሌላ ባልደረባ የመሬት መንቀጥቀጥ ማዕከሎችን ካርታ ላይ ያሰፍር ነበር፤ ሁለቱ ሥራዎች ሲነባበሩ ነጥቦቹ ሸለቆውን ተከትለው ተገኙ። ስንጥቁ በሕንድ ውቅያኖስና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ አፋር ላይ ወደ የብስ ይወጣል። እኛ ከሐይቆቹ ዓሣ የምናጠምድበት ስምጥ ሸለቆ የዚያው ስንጥቅ ቅጥያ ነው።

ሶናር የተባለው የዛሬው የድምፅ መለኪያ ከመርከቧ ሆድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጨረሮችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ሰፊ ሰቅ በአንድ ጊዜ ይለካል። ችግሩ የውሃው ሙቀትና ጨዋማነት በተለወጠ ቁጥር የድምፁ ፍጥነትም መለወጡ ነው፤ ስለዚህ መለኪያ እያወረዱ ማረም የግድ ነው። ቀጭን ድምፅ ጥርት ያለ ምስል ቢሰጥም ሩቅ አይዘልቅም። ወፍራሙ እስከ ጥልቁ ይደርሳል፤ ምስሉ ግን ደብዛዛ ነው።

ያልተለካው ወለል ምን እንደሚደብቅ ሁለት አጋጣሚዎች አሳይተዋል። በ2014 የጠፋው የማሌዥያ አውሮፕላን በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ በተፈለገበት ጊዜ 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ወለል በሶናር ታሰሰ። አውሮፕላኑ አልተገኘም፤ ማንም አይቷቸው የማያውቅ እሳተ ገሞራዎችና ገደሎች ግን ተገለጡ። በጥር 2005 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ከጓም ደሴት በስተ ደቡብ፣ በምትከተለው ካርታ ላይ ካልሰፈረ ተራራ ጋር ተላተመች። አንድ መርከበኛ ሞተ፤ ብዙዎች ቆሰሉ።